መብራት ለሌለው ቤት የሚበጅ የእጅ መሣሪያ

በደብረ ማርቆስ ለሕዝብ የቀረበ የትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው በእጅ ስለሚያዙ ትንንሽ ዕቃዎች ነው፤ ስለ ስልክ፣ ስለ ሬዲዮና ስለ ፀሐይ መብራት። ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም በዚህ አዳራሽ ያለነውን ብዙዎቻችንን ይነካል። እዚህ ከተማ ተቀምጠን በገጠር እናት፣ አባት፣ አያት ወይም ወንድም ያለን ብዙ ነን። ለፋሲካ ወይም ለዘመን መለወጫ ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ይዘን ከምንገባው ስጦታ አንዱ ስልክ ሆኗል። አዲስ አበባ ያለውም፣ ዐረብ አገር ያለችውም፣ አሜሪካ ያለውም እንዲሁ ያደርጋል።

ስጦታው የሚገዛው በፍቅር ነው። የሚመረጠው ግን በአብዛኛው በከተማ ዐይን ነው፤ ስክሪኑ ይሰፋል ወይ፣ ካሜራው ይጠራል ወይ፣ ስሙ የታወቀ ነው ወይ እየተባለ። ዕቃው ሄዶ የሚኖርበት ቤት ግን ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ መስመር አልገባበትም። ኔትወርክ የሚገኘው ጉብታ ላይ ሲወጡ ነው። ስልክ ጠጋኝ ያለበት ከተማ የሚደረሰው በገበያ ቀን፣ ያውም በእግር ነው። ስጦታው ጥቂት ሰንብቶ ሣጥን ውስጥ ሲገባ፣ እናት ለልጇ እንዳይከፋው ብላ «ደኅና ነው፣ ይሠራል» ትላለች።

ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱንና ጫንቃውን ብቻ አይቶ አይወስንም፤ ቤቱ ያለውን ገለባም ያስባል። ለመኖ የሚበቃ ገለባ የሌለው ሰው ትልቁን በሬ ቢገዛ የሚተርፈው የከሳ በሬ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃም ሲመረጥ መነሻው ዕቃው ሳይሆን ቤቱ ይሁን፤ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ቤቱ ባለው ፀሐይ የሚሞላ፣ የቤቱ ሰው ማንንም ሳይለምን የሚያዝበት፣ ሲበላሽ በአቅራቢያው ገበያ የሚጠገን ዕቃ፣ ለዚያ ቤት ከሁሉ የበለጠ ዕቃ ነው።

አገራችንና መስመሩ

በመጀመሪያ የምንመርጥለትን አገር እንመልከት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተ ሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በስተ ደቡብ ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ ስንወርድ ደግሞ ከወንዙ ድልድይ ዘንድ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። በአንድ ዞን ውስጥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ደጋ፣ ለኑሮ የሚመች ወይና ደጋና የሚያቃጥል በረሃ አሉ። ለሲናን ደጋ የሚስማማው ዕቃ ለሸበል በረንታ ቆላ ላይስማማ ይችላል።

ጮቄ ብዙ ወንዞች የሚፈልቁበት፣ ለዓባይ የሚገብር ተራራ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ግድቡን ከሚሞላው ውኃ ከፊሉ የሚወርደው ከእኛው ተራራ ነው። በዚያው ተራራ ጥግ ያሉ ብዙ ቤቶች ግን ዛሬም ሲመሽ ኩራዝ ይለኩሳሉ። ኃይል መመንጨቱ ብቻውን ቤት አያበራም። ከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር በመንደር አጠገብ ቢያልፍ እንኳ፣ ከእርሱ ኃይል ለመቅዳት ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ሽቦ ያስፈልጋል። ቤቶቹ በየሸንተረሩ ተበታትነው ሲገኙ ደግሞ ለአንድ ቤት የሚወጣው ወጪ እየናረ ይሄዳል።

መንግሥትም ይህን ያውቀዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ማዳረስ ፕሮግራም በ2025 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማድረስ ያቀደው 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በተለይ በፀሐይ ኃይል ነበር። ዓመቱ ደርሶ አልፏል፤ መስመር ያልደረሰባቸው ቤቶች ግን ገና ብዙ ናቸው። እስኪደርስ ድረስ የሚበጀውን ማወቅ አለብን።

የኃይሉ ሒሳብ

አሁን አንድ ቀላል ሒሳብ አብረን እንሥራ። እርሳስ ያለው ይጻፈው፤ ለምርጫችን ትልቁ ብርሃን ከዚህ ይገኛልና።

በተለመደው ባለ ቁልፍ ስልክ ውስጥ ያለችው ባትሪ 1,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ትይዛለች። በ3.7 ቮልት ስናባዛው 3.7 ዋት ሰዓት ይሆናል። አሁን በገበያ ላይ ያለው ስማርት ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ 5,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፤ ይህም 18.5 ዋት ሰዓት ነው። ተራው ስልክ አንድ ጊዜ ከተሞላ፣ እንደ አጠቃቀሙ ሳምንት ያህል ይሄዳል። ስማርቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልቃል። በቀን በቀን ሲመነዘር የስማርት ስልኩ ፍጆታ ከተራው ስልክ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።

አሁን ወደ ፀሐዩ እንሂድ። ቤቱ 5 ዋት የሆነች ትንሽ ሶላር አለው እንበል። በበጋ፣ ጠራራ ፀሐይ በቀን 5 ሰዓት ያህል በደንብ ቢያገኛት 25 ዋት ሰዓት ማመንጨት ነበረባት። ነገር ግን አቧራው፣ የአቀማመጧ አቅጣጫ፣ ሙቀቱ፣ ቀጭኑ ሽቦና ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተደማምረው ግማሹን ሊበሉት ይችላሉ። ስለዚህ 12 ዋት ሰዓት እጃችን ገባ እንበል። በዚህ ኃይል ተራ ስልክ ሦስት ጊዜ ይሞላል። ስማርት ስልክ ግን አንድ ጊዜም አይሞላም።

ይህ በበጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጮቄ በጉም ሲሸፈን፣ ፀሐይ ለተከታታይ ቀናት ሳትወጣ ስትቀር ሶላሯ የምትሰጠው በእጅጉ ይቀንሳል። ወደ ሩብ ወረደ ብንል እንኳ በቀን 3 ዋት ሰዓት ይገኛል። ይህች ጥቂት ኃይል ተራውን ስልክ ለቀናት ታኖረዋለች፤ ማታ የምትበራዋን አምፖልም ትደጉማለች። ለስማርት ስልክ ግን ትርጉም የላትም። መንገዱ የሚጨቀየውና ወንዙ የሚሞላው፣ ወደ ከተማ ወርዶ በክፍያ ቻርጅ ማስደረግ የሚያስቸግረውም በዚሁ ወራት ነው። የታመመ ሰው ሲኖር የሚደወልበት፣ ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ የሚጠራላት በዚሁ ስልክ ነው። ስለዚህ የገጠር ዕቃ የሚመዘነው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ጉም ነው።

ስልክ

ለእንዲህ ያለው ቤት የመጀመሪያው ስልክ ባለ ቁልፍ ተራ ስልክ ይሁን እላለሁ። ተራ ስልክ ለድኻ የተተወ ቅሪት አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ዕቃ ነው። ኖኪያ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኖኪያ 1100 የተነደፈው መሠረተ ልማት ላልተስፋፋባቸው አገሮች ነበር። ቁልፎቹ አቧራ እንዳያስገቡ በአንድ ወጥ ሽፋን ተሸፍነዋል፤ ጎኖቹ እጅ እንዳያዳልጡ ተደርገዋል፤ አናቱ ላይ የእጅ ባትሪ ተገጥሞለታል። ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ በዓለም እጅግ ብዙ ከተሸጡት ስልኮች አንዱ ሆኗል። ዛሬ በገበያችን የምናያቸው የቴክኖና የአይቴል ተራ ስልኮች ያንኑ መንገድ ተከትለው ሁለት ሲም፣ ሬዲዮና የሚሞሪ ማስገቢያ ጨምረዋል። የቴክኖ ባለቤት የሆነው ትራንሽን ኩባንያ በ2011 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ስልክ መገጣጠም ከጀመረ ወዲህ፣ ማውጫው በአማርኛ የሆነ ስልክ ማግኘት ቀላል ሆኗል። ፊደል ቆጥሮ እንግሊዝኛ ለማያነብ አባት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ተራ ስልክ ምን ይሠራል ብትሉኝ፣ ከምናስበው በላይ ይሠራል። በ2014 እ.ኤ.አ. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የጀመረው የ8028 መስመር ለዚህ ምስክር ነው። ገበሬው ያለ ክፍያ ይደውላል፤ ቁጥር እየተጫነ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ ገብስና ስለ በቆሎ የማሳ ዝግጅት፣ አዘራርና ማዳበሪያ በቋንቋው ይሰማል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም *127# በመደወል በተራ ስልክ ይሠራል፤ የንግድ ባንክ ሲቢኢ ብርም በ*847# እንዲሁ። ከአዲስ አበባ የተላከ ገንዘብ አንዲት እናት እጅ ለመግባት ሰፊ ስክሪን አያሻውም።

እዚህ ላይ ልጆችን አደራ የምለው አለ። ለወላጆቻችሁ ስልክ ስትሰጡ የምስጢር ቁጥርን ነገር ቁጭ ብላችሁ አስተምሯቸው። ቁጥሩን ለሱቅ ጠባቂም፣ ለጎረቤትም፣ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ለሚል እንግዳ ድምፅም መንገር እንደማይገባ በደንብ አስረዷቸው። የልጆቹንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቁጥር በአንድ ቁልፍ እንዲደወል አድርጋችሁ ሙሉላቸው። ማንበብ የማይችሉ አያት 2 ቁጥርን ሲጫኑ ልጃቸው፣ 3 ቁጥርን ሲጫኑ ጤና ኬላዋ እንዲመጡላቸው ማድረግ ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ትልቅ ሥራ ነው።

ስለ ኔትወርክም ልንገራችሁ። ተራው ስልክ የሚጠቀምበት ጂ.ኤስ.ኤም. የሚባለው ሥርዓት ከኔትወርክ ማማው እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊደርስ የሚችለው ሜዳ ላይ ነው። በጎጃም ገደላ ገደል ግን አንድ ኮረብታ መሐል ከገባ፣ አምስት ኪሎ ሜትርም ሩቅ ይሆናል። ስልክ ከማማው ሲርቅ ጮክ ብሎ ለመነጋገር ብዙ ኃይል ያወጣል፤ ሲቀርብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ባትሪውን ይቆጥባል። ኔትወርክ የማይገባበት ጓዳ ውስጥ የተቀመጠ ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ማማ ሲፈልግ ያድርና ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ስልኩ ከፍ ያለ፣ ኔትወርክ የሚስብ ቦታ ይቀመጥ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ከሌለ ማታ ይጥፋ። በአካባቢው የማይሠራውን ሁለተኛ ሲምም ማውጣት ነው፤ ያለ ጥቅም ባትሪ ይጨርሳልና። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ኩባንያ አለን። የትኛው በዚያች መንደር እንደሚይዝ የሚያውቀው ግን ሻጩ ሳይሆን የመንደሩ ሰው ስለሆነ፣ ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ደውላችሁ ጠይቁ።

ሬዲዮ

«ስልኩ ሬዲዮ አለው፤ ሌላ ለምን ይገዛል?» የሚል አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ከመልክዓ ምድራችን ጋር የተያያዘ ነው።

የስልክ ሬዲዮ የሚይዘው ኤፍ ኤምን ብቻ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ሲያጋጥመው ይቆማል። ከተማ አጠገብ ባለ ሜዳ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ገደል ውስጥ ላለ መንደር ግን ላይገባ ይችላል። መካከለኛ ሞገድ የመሬቱን ገጽ ተከትሎ ስለሚሄድ ርቀትን ይበልጥ ይችላል፤ ማታ ሲሆን ደግሞ ከቀን የበለጠ ይርቃል። የአማራ ሬዲዮ ለዓመታት የታወቀበት 801 ኪሎ ኸርዝ የዚህ ወገን ነው። አጭር ሞገድ ደግሞ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል እየነጠረ ስለሚመለስ፣ ከአንድ አህጉር ተነሥቶ ሌላው ይደርሳል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛው ክፍል ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመንደሩ የተሰሙት በዚሁ በአጭር ሞገድ ነው። ስለዚህ ለገደሉና ለተራራው አገር የሚገዛ ሬዲዮ ሦስቱንም ሞገድ የሚይዝ፣ የሚጎተት አንቴና ያለው ይሁን።

ሬዲዮ ሌላም ጸጋ አለው። ለመስማት ካርድ አይሞላም፤ ኔትወርክ አይጠይቅም፤ ማን ምን እንደሰማ የሚመዘግብ የለም። አንዱ ሬዲዮ ቤተሰቡን በሙሉ ያዳርሳል። ጥጥ የምትፈትለዋም፣ እንጀራ የምትጋግረዋም፣ ሞፈር የሚጠርበውም እጃቸውን ከሥራ ሳያነሡ ይሰማሉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በአማራ ግጭት ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቆየ። ዜናውን ሁሉ በኢንተርኔት ያደረገ ቤት በዚያን ጊዜ ጆሮው ተዘጋ። ሬዲዮ የነበረው ቤት ቢያንስ ይሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ዳግም እንዳይመጣ እንጸልያለን። ለቤተሰባችን ዕቃ ስንመርጥ ግን ልናስበው ይገባል።

ሚሞሪ የሚወስዱ ትንንሽ ሬዲዮኖችም በገጠሩ በጣም ተወደዋል። ስብከት፣ መዝሙርና የልጆች ትምህርት ተጭኖባቸው ይሄዳሉ። እንደ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ ባሉ የቅኔ አገሮች ሆኖ የመምህሩን ድምፅ ቀድቶ ደጋግሞ መስማት ለሚፈልግ የአብነት ተማሪ፣ ድምፅ የሚቀዳ ትንሽ መሣሪያ ከሰፊ ስክሪን ይልቅ ይጠቅመዋል። የምትገዙት ሬዲዮ ሚሞሪ የሚወስድ ከሆነ ግን አጭር ሞገድ መያዙን አትርሱ፤ ብዙዎቹ የላቸውም።

በሬዲዮ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ትምህርት የሚሆን አንድ ነገር ላንሣ። ትሬቨር ቤይሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ፈልሳፊ በ1991 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ የኤድስን ወረርሽኝ የሚያሳይ ፊልም በቴሌቪዥን ይመለከታል። ስለ በሽታው ለሕዝብ ለመንገር ሬዲዮ ዋናው መንገድ ቢሆንም፣ የባትሪ ዋጋ ለድኻው እንቅፋት መሆኑን ይሰማል። እርሱም በእጅ ተጠምዝዞ የሚሠራ ሬዲዮ ፈለሰፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን ፋብሪካ ተከፍቶለት ይመረት ጀመር። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢያጠነጥኑት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይናገር ነበር። የመጀመሪያው ሥሪት በውስጡ ባለው የብረት ጥምዝ ምክንያት ከባድ ነበር፤ ኋላ የመጡት ግን ጥምዙን ትተው ቻርጅ የሚደረግ ባትሪና ትንሽ ሶላር ያዙ። የቤይሊስ መነሻ የተጠቃሚው ቤት ነበር፤ ቤቱ ያጣውን አይቶ ዕቃውን አበጀ። እኛም ዛሬ የሚጠነጠን እጀታ ያለው ሬዲዮ ካገኘን ለጉም ወራት ጥሩ መጠባበቂያ ነው። እጀታው ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሆነ ቀድሞ ለመበላሸት የተጋለጠ ነው፤ ያለ እርሱም በሶላርና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

መብራት

የፀሐይ መብራትን በሦስተኛነት ያነሣሁት ዝቅ ስላለ አይደለም። ሌሎቹ ሁለቱ የሚሞሉት በእርሱ በኩል ነውና በመጀመሪያ መገዛት ያለበት እርሱ ነው። ስልክ የሚሞላ ቀዳዳ ያለው፣ ከሶላሩ ጋር የሚሸጥ የእጅ መብራት ምረጡ።

ኩራዝ የሚሰጠው ብርሃን፣ ሉመን በሚባለው የብርሃን መለኪያ፣ 10 ገደማ ነው። ጭሱ ዐይንና ሳንባ ያቃጥላል፤ ሲገለበጥም ልጅና ሣር ቤት ያቃጥላል። አንድ ዋት የምትበላ ጥሩ ኤልኢዲ አምፖል ወደ 100 ሉመን ትሰጣለች። ልዩነቱ ደብተሩ ላይ የተደፋ ልጅ ዐይን ውስጥ ይታያል።

በገበያው ጥሩውና መጥፎው ተቀላቅሏል። የዓለም ባንክ ቡድን ላይቲንግ አፍሪካ በሚል ፕሮግራም የፀሐይ መብራቶች በላቦራቶሪ የሚፈተኑበትን የጥራት መስፈርት አስጀምሯል፤ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ምርመራው ቬራሶል በተባለ ፕሮግራም ቀጥሏል። መስፈርቱን ያለፈ ዕቃ የዋስትና ወረቀት አለው፤ ካርቶኑ ላይ የጻፈውን የብርሃን ሰዓትም በእርግጥ ይሰጣል። ሻጩን ዋስትና እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ ደግሞ እሰየው ነው፤ ከተለመደው የስልክ ባትሪ ይልቅ ለብዙ ዓመት ይሞላል፣ ይራገፋል።

ገበያ ላይ

አሁን ገበያ ወጣን እንበል። ከሻጩ በፊት ጠጋኙን ጠይቁ። ቤተሰባችሁ በገበያ ቀን የሚወጡት ወደ ሉማሜ ይሁን፣ ወደ አማኑኤል፣ ወደ የጁቤ ወይም ወደ ብቸና፣ እዚያ ላለው ሞባይል ጠጋኝ ደውሉና «የትኛውን ስልክ ትጠግናለህ? የየትኛው መለዋወጫ አለህ?» በሉት። ያ ሰው የማያውቀው ስልክ ለቤተሰባችሁ ባዕድ ነው።

ቀጥሎ የጀርባውን ክዳን ክፈቱ። ባትሪው በእጅ ይወጣል? ቢኤል-5ሲ የሚባለው ባትሪ ከኖኪያ ተነሥቶ ዛሬ በብዙ ተራ ስልኮችና በትንንሽ ሬዲዮኖች ውስጥ ይገባል። ስልኩም ሬዲዮውም ይህንኑ ባትሪ ቢወስዱ ቤቱ መጠባበቂያ አገኘ ማለት ነው፤ የአንዱ ሲደክም የሌላውን ማዋስ ይቻላል። ፎርጅዱን ግን ተጠንቀቁ። ኦርጅናሉም እንኳ እንከን አላጣውም፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ኖኪያ ቻርጅ ሲደረግ ከመጠን በላይ የሚግል ስላለበት 46 ሚሊዮን ያህል የዚህ ዓይነት ባትሪ በነጻ ለመለወጥ ዝግጁ መሆኑን አስታውቆ ነበር። በጣም ቀላልና በጣም ርካሽ ባትሪ የሚይዘው ከሚናገረው ያነሰ ነው።

የቻርጅ ቀዳዳውንም እዩ። የመብራቱ፣ የስልኩና የሬዲዮው ገመድ አንድ ዓይነት ይሁን። ሦስት ዓይነት ገመድ ያለበት ቤት አንዱ ሲበጠስ አንዱ ዕቃ ይሞትበታል። ከዚያ *#06# ተጭናችሁ የሚመጣውን 15 አኃዝ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የእጅ ባትሪውን አብሩ፤ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙ። የቁልፎቹ ቁጥር ለደከመ ዐይን መታየቱን፣ ማረሻ ሲጨብጥ ለኖረ ጣት መስፋቱን ፈትኑ።

አያያዝ

የተመረጠ ዕቃ አያያዝ ካላወቁለት አይቆይም። ጥቂት ነገር ልናገር።

ሶላሩ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ ይሁን። ብዙ ሰው ሁለቱንም ጣሪያ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ሙቀት ሊቲየም ባትሪን ከምንም በላይ ያስረጀዋል። በደጋው ደግሞ ውርጭ በጣለበት ማለዳ፣ የቀዘቀዘ ባትሪ ሳይሞቅ ቻርጅ አይደረግ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት ይጎዳዋል። ማታ በጨርቅ ጠቅልሎ ቤት ውስጥ ማሳደር ይበቃል። የሶላሩ ገጽ በየጊዜው በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል። ስልኩ ውኃ ቢገባበት ባትሪውን አውጥቶ ነፋስ ላይ ማድረቅ ነው፤ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ይጎዳዋል።

የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት የቆየ ልማዳችን ነው። ሙቀቱ ለጥቂት ጊዜ ያነቃዋል እንጂ አይሞላውም። ያለቀ ድንጋይ ሬዲዮው ውስጥ ሲቆይም ፈሳሽ አውጥቶ መገናኛውን ይበላዋል፤ ስለዚህ ይውጣ። ያበጠ የስልክ ባትሪ አይበሳ፣ እሳት ውስጥ አይጣል፣ ማሳ ውስጥም አይቀበር። ተጠራቅሞ ወደ ከተማ ይመለስ፤ እኛም ይዘነው መምጣትን የጉብኝታችን አንድ ሥራ እናድርገው።

ስማርት ስልክስ?

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ አውቃለሁ፤ በአክብሮት ልመልሰው እፈልጋለሁ። «የገጠሩ ሰው ከኋላ መቅረት አለበት ወይ? የልጅ ልጁን መልክ በቪዲዮ ቢያይ፣ የሰብሉን በሽታ ፎቶ አንሥቶ ለልማት ሠራተኛው ቢልክ፣ ልጁ ቢማርበት ምን ይከፋል?» ይባላል። ምንም አይከፋም። ስማርት ስልክ ሥራ ያለው፣ ኃይል ያለው፣ ኔትወርክ የሚያገኝ ቤት ይግዛው። ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ያለበት፣ 20 ወይም 30 ዋት ሶላር የገባለት ቤት በሚገባ ይጠቀምበታል።

እኔ የምለው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ የማይጠፋ ስልክ፣ ከዚያ ሬዲዮ፣ ከዚያ ስማርቱ። ሦስቱ ቀድመው የቆሙበት ቤት ስማርቱ ባትሪ ቢጨርስም ዝም አይልም፣ አይጨልምም። አንድ ስማርት ስልክ ብቻ የተሰጠው ቤት ግን ባትሪው ሲያልቅ መብራቱም፣ ወሬውም፣ የእርዳታ ጥሪውም አብረው ይቋረጡበታል። መራጩም የቤቱ ባለቤት ይሁን። ወላጆቻችን ምን እንደሚሻላቸው ጠይቀናቸው ስንገዛ እናከብራቸዋለን።

ስለዚህ ከመጪው በዓል በፊት ወደ ቤተሰባችሁ ደውሉና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። «አባዬ፣ ስልኩን የሚያስሞሉት የት ነው? በክረምትስ? ኔትወርክ ቤት ውስጥ ይገባል ወይስ ጉብታ ይወጣሉ? ሬዲዮ ከያዘ የትኛው ጣቢያ ይሰማል? ሲበላሽ ማን ይሠራልዎታል?» መልሱን ጽፋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ገበያ ውጡ። ይህ ጥሪ ከስጦታው ያላነሰ ዋጋ አለው።

በመጨረሻም አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ትንሽ ሶላርና ተራ ስልክ የዋናው መስመር ምትክ አይደሉም። ወፍጮ አያስፈጩም፣ የጤና ኬላ ማቀዝቀዣ አያቆሙም፣ የብየዳ ሥራ አያሠሩም። ወንዙን የሚሰጠው የጮቄ ሕዝብ ወንዙ የሚያመነጨውን ኃይል የማግኘት መብት አለው፤ ይህን መጠየቃችንን አንተውም። መስመሩ እስኪገባ ግን የእናቶቻችን ቤት ማታ ይብራ፣ ስልካቸው ሲደወል ይነሣ፣ ሬዲዮናቸው ይናገር። ይህ ዛሬ በእጃችን ያለ፣ በጥቂት ብርና በጥቂት ማስተዋል የሚሠራ ሥራ ነው።